ውሃ የቋጠረ ጽንስ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

በወገዳም በነፋስ መውጫም፣ በአርብ ገበያም በመካነ ኢየሱስም፣ ከጉና ግርጌ ደጋ አንስቶ እስከ አባይና በሽሎ ቆላ ድረስ ይህን ዝግጅት የምትከታተሉ ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንዲት ክፍተት ነው። በውሃ የተሞላች፣ በዓይን የማትታይ፣ ግን ጥጃም ሆነ ግልገል፣ የሰው ልጅም ጭምር ሳያልፍባት የማይወለድ ክፍተት ናት።

ላም በኮርማ ከተጠቃች ወይም አዳቃዩ ባለሙያ ዘር ካስገባላት በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጧ ምን አለ ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው «ያዘች ወይ አልያዘችም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ነገር ግን መያዝ የሚባለው ነገር በአንድ ሌሊት አይሆንም። በዚያ ሳምንት ከማህፀኗ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ምንም ነገር የለም። ጽንሱ አለ፤ ግን ሳይጣበቅ እንደተንሳፈፈ ነው። የሚመገበው ማህፀኗ ከሚያመነጨው ፈሳሽና ከእንቁላሉ ከተረፈው ስንቅ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። የላሟ እንቁላል ከኮርማው ዘር ጋር የሚዋሐደው ማህፀን ውስጥ ሳይሆን ወደ ማህፀን በሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው። ከተዋሐደ በኋላ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ ይከፈላል። ይከፈላል እንጂ አያድግም። ሕዋሳቱ በቁጥር ሲበዙ እያንዳንዳቸው እያነሱ ይሄዳሉ፤ ጠቅላላው መጠን ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር ስድስተኛ እጅ ገደማ እንደሆነ ይቆያል። በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ከቱቦው ወጥቶ ማህፀን ይገባል። በ6ኛው ቀን ገደማ ሕዋሳቱ ተጠጋግተውና ተጣብቀው ድፍን ድቡልቡል ነገር ይሆናሉ። በ7ኛው ቀን ድፍኑ ድፍን መሆኑ ያበቃል፤ ውስጡ ውሃ ይቋጥራል። ይህችን የውሃ ክፍተት ሊቃውንቱ ብላስቶሲል ይሏታል፤ ውሃ የቋጠረውን የአጥቢ እንስሳ ጽንስ ደግሞ ብላስቶሲስት። በበግም ጊዜው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በ6ኛው ወይም በ7ኛው ቀን ነው። በሰው በ5ኛው ቀን ነው።

ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? ማንም አላፈሰሰበትም፣ ቀዳዳ አግኝቶም አልሰረገም። ጽንሱ ራሱ ሠርቶ ያስገባው ነው፤ ጽንስ እንደ አንድ አካል ከሚሠራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱም ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በውጭ በኩል ያሉት ሕዋሳት መጀመሪያ እርስ በርስ ጥብቅ ብለው ይገጣጠማሉ፤ በመካከላቸው ፈሳሽ እንዳይሾልክ ስፌታቸውን ይደፍናሉ። ቀጥሎ በውስጠኛው ጎናቸው ባሉት መግፊያዎች ሶዲየምን፣ ማለትም ከገበታ ጨው ሁለት ክፍሎች አንዱን፣ እየለቀሙ ወደ መሐል ይገፋሉ። ጨው በበዛበት ውሃ ይከተላል። ለቋንጣ የዘለዘልነው ሥጋ ላይ ጨው ስንነሰንስ ከሥጋው ውስጥ ውሃ ስቦ እንደሚያወጣው መሆኑ ነው። እዚህ ግን ጨው ነስናሹም ጽንሱ፣ ውሃ ሰብሳቢውም ጽንሱ ነው። ውሃው በሕዋሳቱ ቆዳ ላይ ባሉ ለውሃ ብቻ በተበጁ መተላለፊያዎች አልፎ መሐሉን ይሞላል። መግፊያው በአንድ ዙር 3 ሶዲየም ያስወጣና 2 ፖታሲየም ያስገባል። ይህን መግፊያ ያገኘው ዴንማርካዊው የንስ ስኮ ነው፤ ሥራውን ያወጣው በ1957 እ.ኤ.አ. ሲሆን በ1997 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርቶበታል። ጽንስ ላይ ብቻ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ። በእኛም በልባችን፣ በኩላሊታችን፣ በነርቮቻችን ውስጥ በዚህች ደቂቃ እየሠራ ነው።

ሥራውን ማስቆም ይቻላል? ይቻላል፤ ማስቆሚያው ደግሞ በእኛው አገር ይበቅላል። ምረንዝን የማያውቅ የወይና ደጋ ሰው ያለ አይመስለኝም። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች የፍላጻቸውን ጫፍ የሚቀቡት መርዝ የሚወጣው ከዚህ ዛፍና ከዘመዶቹ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ በ1888 እ.ኤ.አ. መርዙን ከዛፉ ለይቶ አወጣው፤ ስሙም ኡዋባይን ተባለ። ኡዋባይን የሚገድለው ይህንኑ የሶዲየም መግፊያ በመዝጋት ነው፤ ልብን የሚያቆመውም በዚሁ መንገድ ነው። የጽንስ ተመራማሪዎች ይህን አስታውሰው በጥንቸልና በአይጥ ጽንስ ላይ ኡዋባይን ሲጨምሩ ጽንሱ ውሃ መቋጠር ያቅተዋል፤ ቀድሞ የቋጠረውም ተሟሽሾ እንደገና መነፋት ይሳነዋል። ውሃው የሚገባው በመግፊያው ኃይል መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ለልጆቻችሁ ስለ ምረንዝ ስትነግሩ ግን ይህን የላቦራቶሪ ወሬ አስቀድሙ አልልም። አስቀድሙ የምለው እንዳይነኩትና እንዳይቀምሱት ነው።

ክፍተቷ ስትፈጠር መሐል ላይ አንድ ጊዜ ቦግ ብላ የምትከፈት ይመስለን ነበር። ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በ2019 እ.ኤ.አ. የፓሪሱ ኪዩሪ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ዡልየን ዱሞርትዬና ዣን ሌዮን ሜትረ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአይጥን ጽንስ በማይክሮስኮፕ በየደቂቃው ሲከታተሉት፣ ውሃው መጀመሪያ የሚገባው በሕዋሳቱ መጋጠሚያ ላይ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ኪሶች መሆኑን አዩ። ኪሶቹ የሕዋሳቱን ትስስር በኃይል እየፈለቀቁ ይከፈታሉ። ከዚያ ትንንሾቹ ወደ ትልልቆቹ እየፈሰሱ ይጠፋሉ፤ በመጨረሻም አንዲት ብቻ ትቀራለች። የምትቀረው የትም አይደለም። የሕዋሳቱ ትስስር ላላ ባለበት በኩል ነው።

ይህች ቦታ እንዲሁ በዕጣ የወጣች ብትመስልም ብዙ ነገር ይወስንባታል። ክፍተቷ ወደ አንድ ወገን ስታዘነብል የውስጠኞቹ ሕዋሳት ተገፍተው በሌላው ወገን ይከማቻሉ። ከዚያ በፊት ጽንሱ በየትኛውም በኩል ቢያዩት አንድ ዓይነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን «በዚህ በኩል» እና «በዚያ በኩል» ይኖረዋል። የተከማቹት የውስጥ ሕዋሳት ጥጃውን ራሱን፣ ማለትም ጭንቅላቱን፣ ጅራቱን፣ ልቡን ይሠራሉ። ውሃውን የቋጠሩት የውጭዎቹ ሕዋሳት ግን የጥጃው አካል አይሆኑም። የእነሱ ዕጣ እንግዴ ልጅ መሆን ነው። ጥጃው ቆሞ ሲጠባ እንግዴ ልጁ ይቀበራል ወይም ይጣላል፤ ያ የሚጣለው ነገር ግን የጽንሱን የመጀመሪያ ቤት የሠራ፣ ዘጠኝ ወር ያበላ ነው። የምስጋና ድርሻው ያነሰ ይመስለኛል።

(አጭር ሙዚቃ)

የውጭዎቹ ሕዋሳት ሥራ በውሃ ብቻ አያበቃም። የላም ጽንስ በ9ኛው ወይም በ10ኛው ቀን ከእንቁላሉ አብሮት የመጣውን ሽፋን ቀድዶ ይወጣና ጥቂት ቆይቶ መርዘም ይጀምራል። በ16ኛው ቀን ገደማ ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቀጭን ክር ሊሆን ይችላል፤ ገና ሳይጣበቅ ማለቴ ነው። የሚረዝመው ለመልእክት ነው። እነዚያው የውጭ ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ታው የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። ይህ ለማህፀኗ «እዚህ ነኝ» የሚል ምልክት ነው። ምልክቱ በበቂ መጠን ካልደረሰ ማህፀኗ እርግዝና እንደሌለ ቆጥራ እርግዝናን የሚያጸናውን ሆርሞን ምንጭ ታጠፋለች፤ ላሟም በ21ኛው ቀን አካባቢ እንደገና ትደራለች። በጋችሁም እንዲሁ ናት፤ ግን ዑደቷ 17 ቀን ገደማ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይፈጥናል። እንግዲህ አባቶቻችን «ሦስተኛ ሳምንቷን አልፋ ካልደራች ይዛለች» የሚሉት በምክንያት ነው። በዚያ ቀን የሚጠበቀው ጸጥታ የውጭዎቹ ሕዋሳት መልእክት ደርሷል ማለት ነው።

በሰው መልእክቱ ሌላ ነው። በጤና ጣቢያ አንዲት ሴት እርጉዝ መሆኗን ለማወቅ ሽንቷ በምርመራ ወረቀት ሲታይ ወረቀቱ የሚፈልገው ሆርሞን የሚወጣው ከእነዚያው ከውጭ ሕዋሳት ዘር ነው። ጽንሱ ከማህፀን ግድግዳ ጋር መጣበቅ የሚጀምረው በ6ኛው ወይም በ7ኛው ቀን ነው፤ ሆርሞኑ በሽንት እስኪታይ ግን ተጨማሪ ቀናት ይወስዳል። ይህ ወረቀት ለላም ይሠራል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። አይሠራም፤ ላም ያንን ሆርሞን አታመነጭም።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። የላሟን ጽንስ ማየት አንችልም፤ የዶሮን ግን እንችላለን። አውራ ያላት ዶሮ የጣለችውን እንቁላል በነጭ ሰሃን ላይ ቀስ ብላችሁ ስበሩት። በአስኳሉ ላይ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ነጣ ያለች ክብ ታያላችሁ። አውራ ያላገኛት ዶሮ እንቁላል ከሆነ ትንሽ፣ ድፍን፣ ዳርዋ ያልተስተካከለ ነጥብ ናት። ጽንስ ያለው ከሆነ ግን ዳሯ ነጭ ቀለበት፣ መሐሏ ጠራ ያለ ይሆናል። መሐሏ የጠራው ከሥሯ ፈሳሽ የሞላበት ክፍተት ስላለ ነው። የወፍ ጽንስ በትልቅ አስኳል ላይ ተዘርግቶ ስለሚያድግ ክፍተቱ እንደ ላም ጽንስ በድቡልቡል መሐል አይሆንም፤ ከጽንሱ በታች ነው የሚሆነው። ዶሮዋ እንቁላሉን ስትጥለው ጽንሱ በሆዷ አንድ ቀን ያህል ስለቆየ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሉት። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ሥራውን ገትቶ ይጠብቃል። እናቲቱ ስትታቀፈው ይቀጥላል።

ለማስታቀፍ እንቁላል የምታጠራቅሙ እናቶች እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ የገታ ጽንስ ሁልጊዜ አይጠብቅም። ከሳምንት በላይ የቆየ እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከተጣለ ብዙ ያልቆየውን ምረጡ፤ ከምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። የጋይንት ደጋ ብርድ ለሰው ቢከብድም ለእንቁላል ማቆያ መጥፎ አይደለም።

እንቁራሪትም ይህች ክፍተት አላት፤ በጽንሷ የላይኛው ግማሽ ትቀመጣለች። ሆላንዳዊው ፒተር ኒውኮፕ በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ የእንቁራሪት ዘመድ ከሆነ ጅራታም እንስሳ ጽንስ የክፍተቷን ጣሪያ ሕዋሳት ለብቻቸው ሲያሳድጋቸው እንደ ቆዳ ያለ ነገር ብቻ ይሆናሉ፤ ከታችኞቹ ሕዋሳት ጋር ሲያገናኛቸው ግን ጡንቻና ደም የመሳሰለውን ይሠራሉ። እንግዲህ ክፍተቷ የላዩንና የታቹን ለያይታ ባትይዝ የላይኞቹ ያለ ጊዜያቸው ትእዛዝ ይቀበሉ ነበር። ከዚያም በላይ ሕዋሳቱ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው ሆድ ዕቃን መሥራት ሲጀምሩ የሚንቀሳቀሱበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ያንን ቦታ የምትሰጣቸው እሷው ናት።

አሁን ወደ ኪሳችን ጉዳይ እንመለስ፤ ላም ሳትይዝ ስትቀር የሚጎዳው ኪስ ነውና። በብሪታንያና በአየርላንድ የወተት ላሞች ላይ የተሰበሰቡ ጥናቶች የሚያሳዩት አስገራሚ ነገር አለ። አንድ ጊዜ ዘር ከገባላቸው 100 ላሞች በ90ዎቹ ገደማ እንቁላሉ ከዘሩ ጋር ይዋሐዳል። የሚወልዱት ግን 55 ያህሉ ናቸው። ከጠፉት ጽንሶች አብዛኞቹ የሚጠፉት ከ8ኛው እስከ 16ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ማለትም ውሃ ከቋጠሩ በኋላ፣ መልእክታቸው ከመድረሱ በፊት። የእነሱ ላሞች እንደ እኛ ላሞች አይደሉም፤ አመጋገባቸውም አየራቸውም ይለያል። የጽንሱ የቀን አቆጣጠር ግን አይለያይም። ስለዚህ «ዘሩ አልያዘላትም» በምንላት ላም ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዞ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ነው የጠፋው። እርድ ወይም ገበያ የተፈረደባት ላም ጥፋቷ ይህ ብቻ ከሆነ ፍርዱ ተቻኩሏል ባይ ነኝ። ሁለተኛና ሦስተኛ ዕድል ይገባታል።

ምን ማድረግ ይቻላል? መጀመሪያ ሰዓቱ ነው። ጠዋት ስትደራ የታየችን ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየችን በማግስቱ ጠዋት ማዳቀል የቆየ ደንብ ነው። የአገራችን ላሞች ድራት አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ነው። ማታ ወደ በረት ስትገቡና ጎህ ሲቀድ ስትወጡ መመልከት ያስፈልጋል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከተዳቀለች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀናት፣ ክፍተቷ ገና ሳትፈጠር፣ ጽንሱ ለሙቀት እጅግ ስስ ነው። ወደ በሽሎና ወደ አባይ ቆላ ያላችሁ በእነዚያ ቀናት ቀትር ላይ ጥላ አትንፈጓት፤ ውሃም አይጓደልባት። በሦስተኛ ደረጃ፣ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 40ኛው ቀን ድረስ በመኪና መጫን፣ ረጅም መንገድ መንዳት፣ መኖዋን በአንድ ጊዜ መለወጥ ጽንሱን ሊያጠፋው ይችላል። ለመሸጥ የታሰበች ብትሆን እንኳ ይህን ጊዜ ብታልፈው ለሻጩም ለገዢውም ይሻላል።

ይህን የ7ኛ ቀን ጽንስ ከአንዷ አውጥቶ ለሌላዋ መስጠትም ይቻላል። ጽንስ በማዛወር የመጀመሪያው የተሳካ ሙከራ በ1890 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ነው፤ ዋልተር ሂፕ የአንዷን ጥንቸል ጽንስ ለሌላዋ ሰጥቶ ወልዳለታለች። በላም በ1951 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተሳካ። ወደ እኛ የሚቀርበው ደግሞ ይህ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ገንዲ በሽታን የሚቋቋሙት የምዕራብ አፍሪካ ንዳማ ከብቶች ጽንስ ከጋምቢያ በበረዶ ተይዞ ናይሮቢ ደረሰና በቦረን ላሞች ማህፀን አድጎ ተወለደ። የቦረን ዝርያ መነሻው የእኛው ቦረና ነው። ሥራውን የሠራው የናይሮቢ ማዕከል ኋላ ከአዲስ አበባው የእንስሳት ማዕከል ጋር ተዋህዶ ዛሬ ኢልሪ የምንለውን ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ፈጥሯል። ለእኛ አርሶ አደር ግን ዛሬ ቅርቡ መንገድ ጽንስ ማዛወር ሳይሆን ሰው ሠራሽ ማዳቀል ነው፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ቃሊቲ ላይ ብሔራዊ ማዕከል የተቋቋመውም ለዚህ ነበር። ጽንስ ማዛወር ብዙ መድኃኒት፣ ብዙ መሣሪያና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። የፋርጣን በግና የፎገራን ከብት ዘር ለመጠበቅ ግን አንድ ቀን ቢያስፈልገን አያስደንቅም።

በበረዶ ማቆየት ስንል ደግሞ ይህችው ክፍተት ችግር ትሆናለች። ውሃ ሲቀዘቅዝ ወደ በረዶ ስለት ይለወጣል፤ ስለቱ ሕዋሳቱን ይበሳል። ስለዚህ በሰው ጽንስ የሚሠሩ አንዳንድ ባለሙያዎች ከማቀዝቀዛቸው በፊት ክፍተቷን በጥንቃቄ ያስተነፍሷታል። ሲቀልጥ ጽንሱ መግፊያዎቹን አስነስቶ እንደገና ውሃ ይቋጥራል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መልሶ መነፋቱ ለባለሙያው ጽንሱ በሕይወት እንዳለ የሚነግር ምልክት ነው።

የሰውን ጽንስ እዚህ ደረጃ ላይ በላቦራቶሪ ያደረሱት ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ፓትሪክ ስቴፕቶና ጂን ፐርዲ ናቸው፤ ውጤታቸውን በ1971 እ.ኤ.አ. አወጡ። የመጀመሪያዋ በዚህ መንገድ የተጸነሰች ልጅ ሉዊዝ ብራውን ሐምሌ 25 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. ተወለደች። በአገራችን በመንግሥት ሆስፒታል ይህ አገልግሎት የተጀመረው አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. ነው። በገጠራችን ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሴቲቱ ብቻ ነው። ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። ምክንያቱ ከባል ሊሆን ይችላል፤ ከሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ብዙ ጽንሶች ሳይታወቁ የሚጠፉባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም አብረው ይመርመሩ።

ለዛሬ የያዝኩላችሁ ይህን ነው። ላም ያስዳቀላችሁ አድማጮች ቀኑን በግድግዳም ሆነ በደብተር ጻፉት፤ ከ18ኛው እስከ 24ኛው ቀን ጠዋትና ማታ ተመልከቷት፤ እንደገና ከደራች ሳትውል ሳታድር ለአዳቃዩ ባለሙያ አሳውቁ። ሁለትና ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ካልያዘላት ወደ ገበያ ከመንዳታችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይያት። ጥያቄ ያላችሁ በቀበሌያችሁ ላለው የእንስሳት ባለሙያ አቅርቡ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)